ሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ፦ ስናጸዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ሥራው ይበዛል። ቡና ይለቀማል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይፈለፈላል። ገለባው ይበናል፣ ኮረኮንቹ መንገድም አቧራውን ያነሣል። ጥር ሲገባ ደግሞ ሰርግ በሰርግ ይሆናል። ፎቶ አንሺው ሁለት ሌንስ ይዞ ከሙሽራዋ ቤት ወደ ሙሽራው ቤት፣ ከዚያም ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ይወጣል። በኋላ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ በላይ ያለው ሰማይ ግራጫ ነጠብጣብ ተዘርቶበታል። ሰማይ ባለበት ሰፊ ፎቶ ሁሉ ላይ፣ እዚያው ቦታ።

ይህ ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) ላይ ያረፈ አቧራ ነው። አትደንግጡ። አቧራው ፎቶ ያበላሻል እንጂ ካሜራውን አይጎዳውም፤ ለሳምንታት ቢቆይም ምንም አያመጣም። ብዙ ካሜራ የሚጎዳው አቧራውን ለማንሣት በችኮላ በገባ እጅ ነው። እዚህ የምዘረዝራቸውን ስህተቶች በደንብ ብታውቋቸው የምለው ለዚህ ነው።

አቧራው የት እንዳለ ሳያውቁ መክፈት

በቪውፋይንደር (ዓይን በሚደገፍበት የካሜራው መስኮት) ስታዩ የምትታያችሁ ቅንጣት ፎቶው ላይ አትወጣም። ሌንስ ፊት ላይ ያለ ትንሽ አቧራም አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ነጠብጣብ ሆኖ የሚወጣው ከሴንሰሩ ፊት በተገጠመው ስስ የማጣሪያ መስታወት ላይ ያረፈው ነው። የምናጸዳውም እሱን መስታወት ነው። ያም ሆኖ ከተጫረ ጥገናው ውድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራ አድርጉ። አፐርቸር ፕራዮሪቲ (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት እናንተ የምትመርጡበት ሞድ) ላይ ሁኑ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር ኤፍ 22፣ ማለትም ጠባብ ቀዳዳ። ፎከሱን ወደ ማንዋል አዙራችሁ ሆን ብላችሁ አደብዝዙት። ነጭ ግድግዳ ወይም ደመና የሌለበት ሰማይ አንሡ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለውም፤ አቧራው ከካሜራው ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ አይደበዝዝም። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ቀጥኖ ስለሚገባ የአቧራዋ ጥላ ጥርት ብሎ ይወጣል። በሰፊው ቀዳዳ፣ በኤፍ 2.8፣ ግን ያቺው አቧራ ሟሙታ ትጠፋለች። የሙሽሮቹ የፊት ፎቶ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሰፊው የቤተ ዘመድ ፎቶ የሚቆሽሸው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ፎቶውን 100 በመቶ አቅርባችሁ ከጥግ እስከ ጥግ እዩት። ምስል ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ነው። ፎቶው ላይ ከላይ በግራ ያያችሁት ነጠብጣብ ካሜራውን ከፊት ለፊት ስታዩት ከታች በግራ ነው። ላይና ታች ይገለበጣል፣ ግራና ቀኝ ባለበት ይቆያል። ይህን ሳያውቁ ንጹሑን ጥግ ሲያሹ የሚውሉ አሉ።

የካሜራውን ማጽጃ ሳይሞክሩ ማለፍ

ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኢ-1 ካሜራ ከሴንሰሩ ፊት ያለውን መስታወት በከፍተኛ ፍጥነት እያንቀጠቀጠ አቧራ የሚያራግፍ ዘዴ ይዞ መጣ። ዛሬ አብዛኛው ካሜራ ይህ አለው። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ በመቀመጫው አስቀምጡና ከሜኑ ውስጥ የሴንሰር ማጽጃውን ደጋግማችሁ አስነሡት። ደረቅ አቧራ ከሆነ ግማሹ ሥራ በዚህ ያልቃል። ተጣብቆ የቀረ ካለ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ።

እፍ ማለት

እባካችሁ ይህን አታድርጉት። ከአፋችን ከአየሩ ጋር ምራቅ ይወጣል። መስታወቱ ላይ ሲደርቅ ከአቧራው የባሰ እድፍ ይሆናል፤ ያኔ ያለ ፈሳሽ አይለቅም።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት

ይህ በብዙ ከተማ የተለመደ ነው፣ ጅማም ውስጥ አለ። ባጃጅ ነጂው የአየር ማጣሪያውን የሚያስነፋበት ቦታ ካሜራም ይነፋል። የጎሚስታው አየር ግን ንጹሕ አይደለም። ከኮምፕረሰሩ ዘይት፣ ከጋኑ ውስጥ ደግሞ የተጠራቀመ ውሃ ይዞ ይወጣል። ግፊቱም ለጎማ የተሠራ ነው። የሹተር (ከሴንሰሩ ፊት እየተከፈተ የሚዘጋው መጋረጃ) ምላጮች እጅግ ስስ ናቸው፤ አንዴ ከታጠፉ ካሜራው ሥራ አቆመ ማለት ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የታሸገ አየርም ለዚህ አይሆንም። ቆርቆሮው ካዘነበለ ወይም ከተናወጠ ውስጡ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ ይረጭና መስታወቱ ላይ ይደርቃል።

የሚያስፈልጋችሁ በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ ብሎወር ብቻ ነው። አዲስ ከሆነ ውስጡ ዱቄት ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ ውጭ ደጋግማችሁ ጨምቁት። ከዚያ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት አዙሩ፣ የሚነሣው አቧራ መውደቂያ ያገኛል። የብሎወሩ ጫፍ የሌንሱን ቀለበት አልፎ አይግባ።

ሹተሩን በቢ ሞድ ከፍቶ መሥራት፣ ባትሪ ሳይሞሉ መጀመር

ባለ መስተዋት ካሜራ ላይ ሴንሰሩ ጋ ለመድረስ መስተዋቱ መነሣት፣ ሹተሩም መከፈት አለበት። ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አድርጋችሁ በቢ ሞድ (ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ሹተሩ ክፍት በሚቆይበት) ከከፈታችሁት፣ ጣታችሁ ሸርተት ባለ ቅጽበት ሹተሩ ማጽጃው ላይ ይዘጋል። ለማጽጃ ተብሎ የተሠራውን ሜኑ ተጠቀሙ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። በቀጥታ ከመብራት በሚሠራ አዳፕተር ማጽዳት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል? ሚረርለስ (መስተዋት የሌለው ካሜራ) ከሆነ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ይታያል። አንዳንዱ ሞዴል ግን ሲጠፋ ሹተሩን ስለሚዘጋ ከመንካታችሁ በፊት የምታዩት ሴንሰሩን እንጂ ሹተሩን አለመሆኑን አረጋግጡ።

መስተዋቱንና ከበላዩ ያለውን የፎከስ ስክሪን በጨርቅ አትንኩ። የመስተዋቱ ቅብ ከፊት ነው፣ ስክሪኑ ደግሞ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይጫራሉ፣ እዚያ ያለው አቧራም ፎቶ ላይ አይወጣም።

ሶፍት፣ የጆሮ ጥጥ፣ የነጠላ ጫፍ፣ የፋርማሲ አልኮል

ሶፍት ይፈርሳል። ጥጥ ክሩን ይተዋል። ነጠላና ቲሸርት፣ ታጥበውም እንኳ፣ ውስጣቸው ደቃቅ አሸዋና የሳሙና ቅሪት ይይዛሉ። 70 በመቶ የሚለው የፋርማሲ አልኮል ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነውና ሲደርቅ ምልክት ይተዋል። የእጅ ሳኒታይዘር ከዚህም ይብሳል፤ ለቆዳ ማለስለሻ ግሊሰሪን ስላለው መስታወቱን ያቀባዋል።

ለሴንሰር የተሠራ ስዋብ (ጫፉ ላይ ጨርቅ ያለው ጠፍጣፋ ማጽጃ) እና ለሴንሰር የተሠራ ፈሳሽ ግዙ። የስዋቡ ስፋት ከሴንሰሩ ቁመት ጋር መግጠም አለበት፦ ለፉል ፍሬም (ለትልቁ ሴንሰር) 24 ሚሊ ሜትር፣ ለኤፒኤስ-ሲ (ለአነስተኛው) 16 ሚሊ ሜትር። ገጥሞ ሲሄድ በአንድ ጉዞ ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል፤ መሐል ላይ መስመር አይቀርም። ስዋብ ከማስገባታችሁ በፊት ሁልጊዜ በብሎወር ንፉ። ሳይነፉ ማሸት አሸዋውን መስታወቱ ላይ መጎተት ነው።

ስዋቡን በሁለት ጠብታ ብቻ አርጥቡ፣ ፈሳሹ እስኪሰርግ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ስዋቡን በትንሹ አዘንብላችሁ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ፣ ሳታነሡት፣ በቀስታ ሳቡት። በሌላው ፊቱ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ መልሱት። አለቀ፣ ስዋቡን ጣሉት። ዋጋው ቢያንገበግብም አንዱን ስዋብ ሁለቴ አትጠቀሙ፤ ያነሣው ቅንጣት ተመልሶ ይገባል። ፈሳሹ ከበዛም ወደ ጠርዙ ይፈስና ደርቆ እዚያ ይቀራል።

ዘይቱን እንደ አቧራ መቁጠር

አንዳንድ ነጠብጣብ ከሹተሩ የሚረጭ ቅባት ነው። ክብ ነው፣ ዳሩ ጎላ ያለ ነው፣ በብሎወር አይነቃነቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኒኮን ዲ600 ሴንሰሩ ላይ በሚጠራቀም ነጠብጣብ ይታወቃል፤ ኩባንያውም በ2014 በነጻ እስከ ማጽዳትና ሹተር እስከ መቀየር ደርሷል። ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ የኤፍ 22ቱን ሙከራ ሻጩ ፊት አድርጉት። ቅባት ከሆነ ደረቅ ብሩሽ አታስገቡ፤ ብሩሹ ይቀባል፣ ከዚያ የነካውን ሁሉ ያቆሽሻል።

ቡና እየተፈላ ካሜራ መክፈት

እኛ ቤት ከሰዓት ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ለቡናው ጥሩ ሰዓት ነው፣ ለካሜራው ግን መጥፎ። ጭሱ ራሱ አየር ላይ የተንሳፈፈ ደቃቅ ብናኝ ነውና። ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ ምንጣፍ የሌለበት ክፍል ውስጥ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ፣ መስኮቱን ዘግታችሁ ሥሩ።

ሌንስ ስትቀይሩም ያው ነው። ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ ታች አድርጉ፣ ለነፋሱ ጀርባችሁን ስጡ። ባጃጅ ውስጥ አትቀይሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው የሌንሱን የኋላ ክዳን ነው። ኪስ ውስጥ ሲዞር የዋለ ክዳን አቧራውን በቀጥታ ወደ ካሜራው ሆድ ያስገባል። ቦርሳውንም ገልብጣችሁ አራግፉት።

ሻጋታን አቧራ ማለት

በክረምት የጅማ እርጥበት ሌላ ችግር ያመጣል። ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ብሎወር አይነካውም። በጊዜ ለባለሙያ አሳዩት፤ ከቆየ የሌንሱን ቅብ ይበላል። ሩዝ ውስጥ መቅበር መፍትሔ አይደለም፣ የሩዙ ዱቄት ሌላ አቧራ ነው። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት። ከጫማ ካርቶን የለቀማችሁት ከረጢት ግን እርጥበቱን አስቀድሞ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ የሚቀየረውን ብትገዙ መቼ እንደጠገበ ታውቃላችሁ፣ አድርቃችሁም ትመልሱታላችሁ።

መቼ እንደሚበቃ አለማወቅ

ካጸዳችሁ በኋላ የኤፍ 22ቱን ፎቶ ደግማችሁ አንሡና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ሁለት ሦስት ቀላል ነጠብጣብ ቀርቶ በኤፍ 8 የማይታይ ከሆነ ተዉት። ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ አንዱን ፎቶ አስተካክላችሁ ለሌሎቹ ኮፒ ታደርጋላችሁ፤ ነጠብጣቡ ቦታ ስለማይቀይር ለሰማይ ፎቶ በደንብ ይሠራል። በእርጥብ ስዋብ ደጋግማችሁ አልለቅ ያለ ግን በጉልበት አይለቅም፤ ለባለሙያ ስጡት። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ካሜራው በሰው እጅ መላኩ አይቀርም። ስትልኩት ሌንሱን ነቅላችሁ ክዳኑን ግጠሙለት፣ የኤፍ 22ቱን ፎቶም አብራችሁ ላኩ። ጠጋኙ ነጠብጣቡ የት ጋ እንዳለ በመፈለግ አይደክምም።