የትናንቱን ነገ ሲሥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሬትሮፊውቸሪዝም ያለፈ ዘመን ሰው «ነገ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ያሰበውን መልሶ መሣል ነው። የሮኬት ክንፍ ያላት መኪና፣ ቤት የሚጠርግ ሮቦት፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ክብ ቤት። በፖስተር፣ በቪዲዮ ጨዋታ፣ በካፌ ግድግዳና በአልበም ሽፋን ላይ በብዛት ይታያል፤ ብዙው ግን አሮጌውም አዲሱም አንድ ላይ የተደፋበት ይመስላል። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚታዩ ጥፋቶች ናቸው። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ዓመት ሳይቆርጡ መጀመር

የሌሎቹ ስህተቶች እናት ይህች ናት። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ዓመት አለው፦ ሕልመኛው የቆመበትና ያለመው። ኖርማን ቤል ጌዲስ ለጄኔራል ሞተርስ የሠራው «ፊውቹራማ» በ1939 የኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ቆሞ 1960ን ነበር የሚያሳየው። «ጄትሰንስ» የተባለው ካርቱን ደግሞ በ1962 ወጥቶ 2062ን ያሳያል። በመጀመሪያው መኪናው እንደ ውሃ ጠብታ ሾጥጦ በሰፊ አውራ ጎዳና ይከንፋል፤ በሁለተኛው ጭራሽ መሬት ለቆ ይበራል። በሁለቱ መካከል አቶም ቦምብ፣ የመንገደኛ ጀትና በኦክቶበር 4 ቀን 1957 የመጠቀችው ስፑትኒክ አሉ። የ1939ን መኪና በ1962 ሰማይ ላይ ከለጠፉ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገርም አንድ ነገር እንደጎረበጠው ያስታውቃል።

እርሳስ ከማንሳትዎ በፊት በወረቀቱ ራስጌ አራት መስመር ይጻፉ፦ የቆሙበት ዓመት፤ ያለሙት ዓመት፤ ኃይሉ ከምን እንደሚመጣ (እንፋሎት፣ ናፍጣ፣ አቶም፣ ባትሪ)፤ ዕቃው ከምን እንደተሠራ (ነሐስና እንጨት፣ አሉሚኒየምና ክሮም፣ ፕላስቲክ)። ከዚያ ወደ ሥዕሉ የሚገባውን እያንዳንዱን ዕቃ በእነዚህ አራት መስመሮች ያጣሩ።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የውጭ ሥዕሎች የሚወዱት «2000» በኛ አቆጣጠር 1992 እና 1993 ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስደው «2000 ዓ.ም.» ብለው ከጻፉ አንባቢው የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. በ2007 መስከረም የተከበረውን የኛን ሚሊኒየም ነው። ወይ ቁጥሩን ይለውጡ፣ ወይ «እ.ኤ.አ.» ይጨምሩበት።

2. ከፊውቸሪዝም ጋር ማምታታት

ፊውቸሪዝም ገጣሚው ማሪኔቲ በ1909 አዋጁን ያወጣለት የጣሊያን የጥበብ እንቅስቃሴ ነው፤ ሙዚየም ይፍረስ፣ ፍጥነት ይንገሥ ይል ነበር። ወደ ኋላ መመልከት ለእነሱ ነውር ነው። ሬትሮፊውቸሪዝም ግን ሥራው በሙሉ ወደ ኋላ ማየት ነው። በተመሳሳይ መንገድ አስመራ ያለው፣ በ1938 የተሠራው የፊያት ታልየሮ ነዳጅ ማደያም ሆነ በ1961 የተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ሬትሮፊውቸሪስት ሕንፃዎች አይደሉም። በቀናቸው አዲስ ነበሩ። ዛሬ እነሱን አይቶ የሚሣለው ሥዕል ነው ስሙን የሚይዘው። ስለዚህ እንደ ምንጭ ያጥኗቸው፤ መስመራቸውን፣ ጥላቸውን፣ ምን ተስፋ ይዘው እንደተሠሩ።

3. የማይሠራ ጥርስ መለጠፍ

የእንፋሎት ዘመንን የሚሥሉ ሰዎች ባርኔጣም ሆነ ሰዓት ላይ የነሐስ ጥርሶች (ባለ ጥርስ ጎማዎች) ይለጥፋሉ። ጥርሱ ምንም አያዞርም፤ ምንም አያዞረውም። መፍትሔው ኃይሉን ከምንጩ ጀምሮ በጣት መከተል ነው፦ እሳት፣ የውሃ ቦይለር፣ የእንፋሎት ቧንቧ፣ ፒስተን፣ ክራንክ፣ ከባድ መዘውር፣ ከዚያ ጥርሶቹ፣ በመጨረሻ ሥራው። ጣትዎ የቆመበት ቦታ ሥዕሉ የዋሸበት ቦታ ነው።

ጥርስ ሲሥሉ ሦስት ነገር ያስታውሱ። የተያያዙ ሁለት ባለ ጥርስ ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። ሦስት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ከሁለቱ ጋር ከተነካኩ ማሽኑ ይቆለፋል፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ይህን ስህተት በታተሙ ሥራዎች ላይ ሳይቀር ያገኙታል። ሦስተኛ፣ የሚያያዙት ጎማዎች ጥርሶቻቸው አንድ ዓይነት መጠን ይኑራቸው፤ ልዩነቱ በብዛታቸው ይሁን። 12 ጥርስ ያለው ጎማ 36 ያለውን ሲያዞር ትልቁ በሦስት እጥፍ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ይህ ቁጥር ብቻውን ዲዛይኑን እውነተኛ ያስመስለዋል። ቦይለር ካለ የግፊት መለኪያና የማስተንፈሻ ቫልቭ አይርሱ። ያለ ቫልቭ የተሣለ ቦይለር ለሚያውቅ ሰው ሊፈነዳ የተዘጋጀ ዕቃ ነው።

4. የአቶም ኳሶችን እንደ ጌጥ መበተን

ብራስልስ ያለው አቶሚየም በ1958 ሲሠራ ዘጠኝ ኳሶቹ ዝም ብለው አልተሰቀሉም። የብረት ክሪስታል 165 ቢሊዮን ጊዜ ተልቆ ነው፦ ስምንቱ ኳሶች በኪዩቡ ማዕዘኖች፣ ዘጠነኛው መሃል፣ ኪዩቡም በአንድ ማዕዘኑ ቆሟል። 102 ሜትር ቁመት ያለው ነገር ዓይን የሚይዘው በዚህ ሥርዓት ነው። ኳስና ዘንግ ሲሥሉ መጀመሪያ ኪዩቡን በቀጭን መስመር ይሥሩ፣ ከዚያ ኳሶቹን በማዕዘኖቹ ላይ ያስቀምጡ፣ በመጨረሻ መስመሩን ያጥፉ።

5. የሌላ ዘመን ቀለም

ሐምራዊ ሰማይ፣ ሮዝ ኒዮን፣ ወደ አድማስ የሚሮጥ የካሬ መረብ፦ ይህ የ1980ዎቹ የኮምፒውተር ግራፊክስ ትዝታ ነው። ከ1958 ሮኬት በታች ቦታ የለውም። ለዚያ ዘመን ሦስት ቀለምና የወረቀቱ ክሬም ይበቃል፦ ቱርኩዋዝ፣ ሰናፍጭ ቢጫና ጥቁር፤ ቢያስፈልግ ቀዩን ኮራል በአንድ ቦታ ብቻ። አራተኛ ቀለም ሲያምርዎ ከሦስቱ አንዱን በሌላው ላይ አትመው ያግኙት። ቱርኩዋዝ ላይ ቢጫ ሲያርፍ የሚወጣው አረንጓዴ በስክሪን ፕሪንት የተሠሩ ፖስተሮች የሚታወቁበት ውበት ነው።

6. ሁሉንም ነገር ማሳረጅ

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ጭረት፣ ዝገትና ቡናማ እድፍ በምስሉ ሁሉ ላይ ይዘራሉ። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ዓለም ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የሚያረጀው ወረቀቱ ነው። ሮኬቱን አያዝጉት፤ ፖስተሩን አጣጥፈው ያስረጁት።

ወረቀት እንዴት እንደሚያረጅ ማየት ከፈለጉ ፀሐይ በሚመታው የፀጉር ቤት መስኮት ላይ ለዓመታት የተለጠፈ ፖስተር ይመልከቱ። የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ ሆኗል። ምክንያቱ ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ቢጫና ማጀንታ (ደማቅ ሮዝማ ቀይ) በፀሐይ ቶሎ ስለሚለቁ፣ ሲያን (አረንጓዴ ነክ ሰማያዊ) እና ጥቁር ስለሚቀሩ ነው። በኮምፒውተር ሲሠሩም ምስሉን በሙሉ ቡናማ ከማድረግ ይልቅ የቢጫውንና የማጀንታውን ቻናል ያሳሱ፤ ጥቁሩን አይንኩ። በእጥፋቱ መስመር ላይ ቀለሙ ተልጦ የወረቀቱ ነጭ ይታይ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ትንሽ ይጨምሩ፤ ሌላውን ይተዉት።

የሃፍቶን ነጥብም፣ ማለትም ማተሚያ ፎቶና ጥላ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ እንዲሁ ነው። በድሮው ማተሚያ ወደ ነጥብ የሚቀየረው ፎቶና ጥላ ነበር፤ ፊደሉና ድፍን ቀለሙ ነጥብ አልነበረውም። በመጨረሻ ላይ አንድ ማጣሪያ በሁሉም ላይ የጫነ ሰው ርዕሱን ያደበዝዛል። ለእያንዳንዱ ቀለም የነጥቡን ማዕዘን ይለዩ፦ ሲያን 15፣ ጥቁር 45፣ ማጀንታ 75፣ ቢጫ 0 ዲግሪ። አንድ ማዕዘን ከሰጧቸው ነጥቦቹ ተጋጭተው የማይፈለግ ማዕበል መሰል ጥለት ይወጣል። ቀለም መሳትን (ቀለሙ ከቦታው ተዛንፎ መታተሙን) ማሳየት ካማርዎ አንዱን ፕሌት (የአንድ ቀለም ማተሚያ ሳህን) በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ 0.4 ሚሊሜትር ያንሸራትቱ፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 5 ፒክስል ነው። እያንዳንዱን ቅርጽ በየአቅጣጫው ማንሸራተት ማሽን የማይሠራው ስህተት ነው።

አንድ የማተሚያ ቤት ጉዳይ፦ ነጥብ ያለበትን ፋይል ለኦፍሴት ማተሚያ ከሰጡ ማሽኑ በራሱ ነጥብ ላይ ደግሞ ነጥብ ይሠራበታል፤ ውጤቱ ያው ማዕበል ነው። እያንዳንዱን ቀለም በ1200 ዲፒአይ፣ ግራጫ በሌለው ንጹህ ጥቁርና ነጭ ለይተው ይስጡ። በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ በፎቶ ሲላክ የሚደረገው ማመቅ ነጥቦቹን ያቀልጣቸዋል።

7. የዘመኑን ስክሪን በድሮ ሳጥን መክተት

የትዩብ ስክሪን 4 በ3 ነው፤ መስታወቱ ወደ ውጭ ያብጣል፤ የመስኮት ብርሃን ይንጸባረቅበታል። የ1970ዎቹ መጨረሻ ተርሚናል በአንድ ቀለም፣ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ቢጫ፣ 80 ፊደል በ24 መስመር ያሳያል። የትዩብ ምስል የሚሠራባቸው አግድም መስመሮች በስክሪኑ ውስጥ ብቻ ይኑሩ፤ ግድግዳው ላይ ከወጡ ምስሉ በሙሉ ቴሌቪዥን ሆነ ማለት ነው።

8. ፊደሉን መርሳት

ለላቲን ርዕስ ሰዎች ደክመው ዩሮስታይልን ይፈልጋሉ፤ አልዶ ኖቫሬዜ በ1962 የሠራው ጎነ ክብ አራት ማዕዘን ፊደል ለዘመኑ ይስማማልና። ለአማርኛው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የተገኘውን ይለጥፋሉ፤ ሥራው እዚያ ላይ ይሞታል። ርዕስ ከሆነ በእጅ ይሥሩት፤ አሥር ፊደል ቢሆን ነው።

የካሬ ወረቀት ይውሰዱ። ቁመት 10 ካሬ፣ የመስመር ውፍረት 2 ካሬ። የሁሉንም ስፋት እኩል ማድረግ የመጀመሪያው ጥፋት ነው፦ «ሐ» እና «ጠ» ሦስት እግር ስላላቸው 10 ካሬ ይፈልጋሉ (ሦስት እግር በ2፣ ሁለት ክፍተት በ2)፤ «በ» ግን በ6 ወይም በ7 ይበቃዋል። ሁለተኛው ጥፋት አናባቢውን ማጥፋት ነው። በ«በ» ቤት ካዕቡ «ቡ» ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ «ቢ» እግሩ ግርጌ ቅጥያ ያወጣል፤ ራብዑ «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፤ ኃምሱ «ቤ» እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ሁሉንም እግር በአንድ መስመር ላይ ከቆረጡ «ባ» «በ» ይሆናል፤ የ«ባ»ን ግራ እግር በ2 ካሬ ያሳጥሩ። የ«ቤ»ን ቀለበት በ2 ካሬ መስመር ከሣሉት ይደፈናል፤ «ቢ» ተብሎ ይነበባል። ቀለበቱን ብቻ በ1 ካሬ መስመር፣ በ3 ካሬ ስፋት ይሥሩት፤ መሃሉ 1 ካሬ ክፍት ይቀራል። ሲጨርሱ ርዕሱን ወደ 3 ሴንቲሜትር ስፋት አሳንሰው፣ ቀድሞ ላላየው ሰው ያስነብቡ። አንድ ፊደል ላይ ከተደናቀፈ ያንን ፊደል መልሰው ይሥሩ።

ፖስተሩ ከ1950ዎቹ የመጣ እንዲመስል ከፈለጉ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ (፡) ያስገቡ። የዚያ ዘመን አማርኛ ኅትመት መልኩ ይህ ነው።

9. የሌላውን ሕልም በኛ ልብስ ማልበስ

የአክሱምን ሐውልት ሥሩ እሳት ለኩሶ ሮኬት ማድረግ የተለመደ ነው። ያሳዝናል፤ ሐውልቱ ራሱ በርና መስኮት፣ የእንጨት ማገር ጫፍ ሳይቀር በአንድ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው። ከእሳቱ ይልቅ ያንን ሥርዓት ይውሰዱ፦ የፎቅ ሕንፃዎን ማገር ጫፎች በየወለሉ ያውጡ።

የአሜሪካውን የ1950ዎቹ ሥዕል ሲቀዱ ደግሞ ሕዝቡንም አብረው እንደሚቀዱ ይወቁ፦ ነጭ ቤተሰብ፣ ሮቦት እያላት እንኳ ከኩሽና ያልወጣች እናት። በዚያው ዘመን ሌሎችም ያልሙ ነበር። ዛምቢያ ነፃ በወጣችበት በ1964 ኤድዋርድ ማኩካ ንኮሎሶ ሉሳካ አጠገብ የጠፈር ተጓዦችን በነዳጅ በርሜል ውስጥ እያንከባለለ ያሠለጥን ነበር።

የኛን መቆሚያ ከፈለጉ 1963 አዲስ አበባ ላይ ይቁሙ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊመሠረት መሪዎች በአርቱሮ ሜዘዲሚ አፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበዋል፤ 150 ካሬ ሜትሩ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ብርሃኑን ያስገባል፤ አየር መንገዱ ቦይንግ 720ቢ ጀት አስገብቷል። ኃይሉ ከምን ይመጣል ለሚለው መስመር መልሱ ዝግጁ ነው፦ በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ። ስለዚህ በሥዕልዎ ሰማይ ላይ የአቶም ጭስ ማውጫ ሳይሆን ከአዋሽ ሸለቆ ወደ ከተማዋ የሚወጣ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘርጉ፤ የብረት ምሰሶዎቹንም እስከ አድማሱ እያሳነሱ ይሣሉ።