መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ፦ ቤት ውስጥ ከልጆቼ ጋር የምሞክራቸው ነገሮች

እኔ መምህር አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ሳገላብጥ እውላለሁ። ማታ ስገባ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄና የአምስት ዓመቱ ወንድሟ «ዛሬ ምን እንሥራ?» ብለው ይጠብቁኛል። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉንም ራሴ አዘጋጅቼ፣ ራሴ ሠርቼ፣ ራሴ አስረድቼ እጨርስ ነበር። ስህተቴ የገባኝ ሁለቱም ሲያዛጉ ሳይ ነው።

አሁን አንድ ደብተር አለን። ምንም ነገር ከመሞከራችን በፊት እያንዳንዳችን ምን የሚሆን እንደሚመስለን እንጽፍበታለን። ትንሹ መጻፍ ስላልጀመረ ይሥላል። እኔም እጽፋለሁ፣ ብዙ ጊዜም እሳሳታለሁ። ግምቱን ያስመዘገበ ልጅ ውጤቱን ሳያይ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ከእናንተ የሚጠበቀው ከባዱ ሥራ ዝም ማለት ነው፤ መልሱን እያወቃችሁ አፋችሁን መያዝ።

በእንቁላል ጀምሩ። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጥሬ እንቁላል፣ ጨውና የሻይ ማንኪያ ይበቃችኋል። በቅርብ የተጣለ እንቁላል በተራ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። እንቁላሉን አውጡና ልጆቹ ጨው በማንኪያ እየቆጠሩ ይጨምሩ፣ በደንብ ያማስሉ፣ እንቁላሉን መልሰው ይሞክሩ። ለአንድ ብርጭቆ አምስት ስድስት ማንኪያ ሲደርስ ብድግ ይላል። ስንተኛው ማንኪያ ላይ እንደሚነሳ ማስገመት ነው ጨዋታው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው «ይሰምጣል» ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። እንቁላሉ ገና ጨው ሳይነካው ተንሳፈፈ። የልጆቹን ሳቅ አልነግራችሁም! ነገሩን ስናጣራ እንቁላሉ ብዙ የቆየ ነበር። ቅርፊቱ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። በቆየ ቁጥር የውስጡ እርጥበት በእነሱ በኩል እየተነነ ይወጣና ቦታውን አየር ይይዘዋል፤ እንቁላሉም ይቀላል። ከዚያ ወዲህ ሁለት እንቁላል ነው የምናዘጋጀው፣ አዲስና የቆየ።

ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ አንድ እርምጃ ጨምሩ። ብርጭቆውን እስከ ግማሽ በጣም ጨዋማ ውሃ ሙሉት። ከዚያ ተራውን ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ በቀስታ እያንጠባጠባችሁ ከላይ አፍስሱ። ካልቸኮላችሁ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ይደራረባሉ፤ ጨው የሌለበት ስለሚቀል ከላይ ይቀራል። አዲሱን እንቁላል ቀስ አድርጋችሁ ስታስገቡት መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይቆማል። እኛ በሦስተኛው ሙከራ ነው የተሳካልን። ጥሬ እንቁላል የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ «እሳተ ገሞራ» መሥራትን ሁሉም ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልወደውም፤ አንዴ ፍልቅልቅ ብሎ ያልቃል፣ ልጁም ከተመልካችነት አያልፍም። ከሠራችሁት አይቀር አቼቶውን በጠርሙስ ሩብ ያህል አድርጉ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ ፊኛ ውስጥ ጨምሩ፣ የፊኛውን አፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ አጥልቁና ፊኛውን ቀና አድርጉት። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊኛውን ይነፋዋል። ጠርሙሱን በክዳን መዝጋት ግን ክልክል ነው፤ ግፊቱ ሊያፈነዳው ይችላል።

ለትንሹ ልጄ የሚስማማው ወረቀት ነው። ሁለት የመጽሐፍ ክምሮችን አንድ ስንዝር ያህል አራርቁና አንድ ወረቀት እንደ ድልድይ ጣሉባቸው። አንድ ሳንቲም ስታስቀምጡበት ይጎብጣል። ያንኑ ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ሽንሽን አድርጋችሁ መልሱት። የእኛው ስልኬን ተሸክሟል። (ስልኩን ያስቀመጠው እኔ ሳላይ ትንሹ ነው፤ ቢወድቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት እጽፈው ነበር።)

ከዚያ ሦስት እኩል ወረቀቶች ወስዳችሁ አንዱን ሦስት ማዕዘን፣ አንዱን አራት ማዕዘን፣ አንዱን ክብ ምሰሶ አድርጉና ጠርዛቸውን በፕላስተር አያይዙ። አቁሟቸውና መጽሐፍ አንድ በአንድ ደርድሩባቸው። የትኛው ብዙ ይሸከማል? ልጄ አራት ማዕዘኑን መረጠች፤ ምክንያቷ «ቤት አራት ማዕዘን ስለሆነ» የሚል ነበር፣ መጥፎ ምክንያት አይደለም። ያሸነፈው ግን ክቡ ነው፣ ዘጠኝ መጽሐፍ ቻለ። ማዕዘን ያላቸው ምሰሶዎች ሸክሙን ወደ ማጠፊያዎቻቸው ይሰበስቡታል፣ ጠፍጣፋ ጎናቸውም ቶሎ ይጎብጣል። ክቡ ግን ሸክሙን ዙሪያውን እኩል ያካፍለዋል። ይህን የነገርኳቸው መጽሐፎቹ ከተናዱ በኋላ ነው።

ትዕግሥት ለሚፈልግ ነገር ቦሎቄ አለላችሁ። አራት አምስት ፍሬ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። በማግስቱ ብርጭቆውን በውስጥ በኩል በረጠበ ሶፍት ሸፍኑትና ፍሬዎቹን በሶፍቱና በመስታወቱ መካከል አስገቡ። አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ግልብጥ፣ አንዱን አግድም አድርጓቸው። ሶፍቱ እንዳይደርቅ በየቀኑ ትንሽ ውሃ ጨምሩ። በጥቂት ቀናት ሥሩ ብቅ ይላል፣ በየትም በኩል ይውጣ ተጠማዞ ወደ ታች ይሄዳል። ሥሩ የሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ርዝመት ሲኖረው ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሙት። በማግስቱ ጫፉ እንደገና ወደ መሬት ታጥፎ ታገኙታላችሁ። ሥር የመሬትን ስበት ስለሚለይ ነው። ጥሬ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ ነገር ስላለው አይበላም፣ ለሕፃናትም ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነውና ከእጃቸው አርቁት።

ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የክሩ ዥዋዥዌ ነው። ክር፣ ሦስት ቁልፎች፣ ማስመሪያና የስልክ ሰከንድ ቆጣሪ ብቻ ይፈልጋል። አንድ ቁልፍ ክሩ ጫፍ ላይ እሰሩና ክሩን ከጠረጴዛ ጠርዝ በፕላስተር አንጠልጥሉት። ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ቁልፉ መሀል 25 ሴንቲሜትር ይሁን። ትንሽ ወደ ጎን ሳቡና ልቀቁት፤ ሄዶ ሲመለስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። አሥር ጊዜ ለመመላለስ 10 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የኛ መጀመሪያ 9 ሰከንድ እየሆነ አስቸገረን። ለካ ልጄ ቁልፉን ስትለቀው «አንድ» እያለች ነው የምትጀምረው። ሲለቀቅ «ዜሮ» ማለት አለባችሁ።

አሁን ግምት። ቁልፎቹ ሦስት ቢሆኑስ? ሁለቱም «ስለሚከብድ ይፈጥናል» አሉ። አሰርን፣ ቆጠርን፣ ያው 10። ልጄ አላመነችም፣ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ክሩን ብናስረዝመውስ? እዚህ ጋ ሰዓቱ ተለወጠ። 20 ሰከንድ ለማድረስ ክሩን እጥፍ ማድረግ የሚበቃ ይመስላል፣ ግን አይበቃም። አራት እጥፍ፣ ማለትም 100 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ክሩ ካልተለወጠ ሰዓቱ አለመለወጡን ተጠቅሞ ነው ሆላንዳዊው የሳይንስ ሊቅ ክርስቲያን ሆይገንስ በ1656 እ.ኤ.አ. የፔንዱለም (ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ሰዓት የሠራው።

ልጄ ደብተሯን አየችና «አራት ሜትር ከሆነ 40 ሰከንድ» ብላ ጻፈች። ቤታችን ውስጥ አራት ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ የለም። ደረጃው ዘንድ ሄደን፣ እኔ ላይኛው ፎቅ የደረጃውን መደገፊያ ተደግፌ ክር ያዝኩ፣ እሷ ከታች ቁልፉን ለቀቀች፣ ትንሹ «ዜሮ!» ብሎ ጮኸ። 41 ሰከንድ ሆነ። «እጅህ ተንቀጠቀጠ አባዬ» አለችኝና እንደገና እንድንጀምር አዘዘች።