መንፈሳዊ ኮሌጅ ልትገቡ ነው? መጀመሪያ ሬጅስትራሩን ጠይቁ

መንፈሳዊ ኮሌጅ ልገባ ነው ስትሉ ሰው ሁሉ «ቄስ ልትሆን ነው?» ይላል። በኦርቶዶክሱ ወገን ለቅስና ኮሌጅ ግድ አይደለም፣ እሱ መንገድ በአብነት ትምህርት ቤት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ «ታዲያ ለምን እገባለሁ?» የሚለውን እናንተው መልሱ።

የኮሌጁን ስም ትታችሁ የትምህርት ክፍሉን እዩ። አራት ኪሎ ያለው ቅድስት ሥላሴ ዋና ሥራው ነገረ መለኮት ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ግን ማኔጅመንትም ያስተምራል፣ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይቀር አለው (ጃዝ፣ ሴሚናሪ ግቢ ውስጥ! ስሰማ አላመንኩም ነበር)።

ቀጥሎ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄ ዲግሪ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያውቀዋል ወይስ ቤተ እምነቱ ብቻ? በቃል ሳይሆን በወረቀት ያሳዩአችሁ። አንድ ግቢ ውስጥ የማኔጅመንቱና የነገረ መለኮቱ መልስ ሊለያይ ይችላል። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳይጠይቅ አራት ዓመት ተምሮ፣ በማዕረግ ተመርቆ፣ ለማስተርስ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ወረቀቱን መለሱለት። አሁንም ሲያወራው ይበሽቃል።

ሥራውስ? ስብከተ ወንጌል ክፍል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ኮሌጅ ተመልሶ ማስተማር፣ መንፈሳዊ ሚዲያ። ግዕዝ፣ ግሪክና ዕብራይስጥ የጠነከረባችሁ ትርጉምና የብራና ጥናት ላይ ተፈላጊ ናችሁ። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚያስተምር ሰባኪ ደግሞ አሜሪካ ያሉ አጥቢያዎች አጥብቀው ይፈልጉታል፣ እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆች በአማርኛ ስብከት ብቻ አይያዙማ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የልማት ኮሚሽኖቹ ላይ ነው። የኦርቶዶክስም የመካነ ኢየሱስም ልማት ኮሚሽን ሲቀጥር የውሃ፣ የጤና፣ የግብርና፣ የሂሳብ ባለሙያ ነው የሚፈልገው፣ ነገረ መለኮት ብቻውን እዚያ በር አያስገባም። እኔን ብትጠይቁኝ ጎን ለጎን በማታ ፕሮግራም አካውንቲንግ ወይም ሌላ ሙያ ያዙ። ድካሙ ለጉድ ነው፣ ግን ያዋጣል።

ከመመዝገባችሁ በፊት አምና የተመረቁ ሦስት ልጆች ፈልጋችሁ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቁ፣ ብሮሹር ላይ የማይጻፈው እዚያ ነው ያለው። ከአጥቢያችሁ የድጋፍ ደብዳቤም ከጠየቋችሁ ዛሬውኑ ጀምሩት፣ ፈራሚው አባ አንዴ ለጉባኤ ከወጡ በቶሎ አይገኙም።