28 ዴይስ ሌተርን ቤታችሁ በደንብ ለማየት፦ የትኛው ዲስክ ይሻላል፣ ቲቪውስ እንዴት ይስተካከላል

ይሄን ፊልም መጀመሪያ በዲስክ ያየሁ ቀን ዲስኩ የተበላሸ መስሎኝ ሁለቴ አውጥቼ በሸሚዜ ጠርጌ መልሼ ከተትኩት። ራቅ ያለ ሰው ፊቱ አይለይም፣ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ የህንፃው ጠርዝ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። በማግስቱ ለሻጩ ወስጄ "ኦሪጅናል ነው አላልከኝም እንዴ" ብዬ ተጨቃጨቅኩት፣ ሌላ ቀየረልኝ፣ እሱም ያው ሆነ። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ፊልሙ ራሱ እንደዛ ነው የተቀረፀው። እስካሁን ብዙ ሰው "ጥራት ያለው ኮፒ የት ነው የማገኘው" እያለ ሲጠይቅ ስለማይ የማውቀውን ልፃፍ ብዬ ነው (አመተ ምህረቱን በፈረንጅ ነው የምፅፈው)።

መጀመሪያ ምን እያያችሁ እንደሆነ እወቁ። ፊልሙ የእንግሊዝ ነው፣ ሰውን እንደ አውሬ የሚያሳብድ ቫይረስ አገሩን ባዶ ስላደረገበት ጊዜ የሚያወራ አስፈሪ ፊልም፣ ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል፣ ፀሀፊው አሌክስ ጋርላንድ፣ እንግሊዝ ሲኒማ የገባው ኖቬምበር 2002 ላይ። ዋናው ተዋናይ ዛሬ በኦፐንሃይመር ሁሉም የሚያውቀው ኪሊያን መርፊ ነው፣ ያኔ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ካሜራማኑ አንቶኒ ዶድ ማንትል አብዛኛውን ፊልም የቀረፀው በካኖን ኤክስኤል ዋን ነው፣ ይሄ ማለት ሚኒ ዲቪ ካሴት የሚገባበት፣ እኛ አገር በዛ ዘመን ሰርግ የሚቀረፅበት አይነት ካሜራ ማለት ነው። ለምን ብትሉ አንደኛው ምክንያት ለንደን ናት። መርፊ የሚጫወተው ሰውዬ (ጂም) ሆስፒታል ውስጥ ነቅቶ ባዶ ከተማ ውስጥ ሲሄድ የምታዩት ቦታ በሙሉ እውነተኛው ለንደን ነው፣ የዌስትሚንስተር ድልድይን የመሰለ ቦታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማንም አይዘጋላችሁም፣ ስለዚህ በበጋ ሊነጋጋ ሲል ወጥተው መኪናውን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እያስቆሙ ነው የቀረፁት፣ እና በዛች ደቂቃ ውስጥ ብዙ ካሜራ በየአቅጣጫው ቶሎ መትከል የሚቻለው ካሜራው ትንሽና ርካሽ ሲሆን ነው። በትልቁ የፊልም ካሜራ ቢሆን ገና ሳይገጣጥሙት ፀሀይ ትወጣባቸዋለች።

አሁን ቁጥሩን እዩት። የዛ ካሜራ ምስል 576 መስመር ብቻ ነው ያለው። ብሉሬይ 1080 መስመር ነው፣ ፎር ኬ ቲቪያችሁ ደግሞ 2160። ስለዚህ ካሴቱ ላይ ያልነበረ ነገር ዲስኩ ከየት ያመጣዋል? ድልድዩ ላይ ከሩቅ ሲታይ መርፊ አረንጓዴ የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ትንሽ ነጥብ ነው፣ ፊቱ ካሴቱም ላይ የለም። በዚህ ምክንያት "ኤችዲ ሪማስተር" ብሎ ኦንላይን የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ፣ በአፕስኬል (ትንሹን ምስል በሶፍትዌር በመለጠጥ) አለስልሶ ፊቱን ፕላስቲክ አስመስሎት ነው የሚሰጣችሁ።

ታዲያ የቱን እንግዛ? ዲቪዲው በ2003 ወጣ፣ ብሉሬዩ በ2007። እኔ ብሉሬዩን ነው የምለው፣ ምስሉ ስለሚጠራ ሳይሆን ዲቪዲ ቦታ ስለሚያንሰው ምስሉን ጨምቆ የራሱን ቆሻሻ በካሴቱ ቆሻሻ ላይ ስለሚደርብበት ነው፣ በተለይ ዝናብና ጨለማ ያለበት መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ይታያል። ድምፁም ይሻላል። ብሉሬይ ማጫወቻ ከሌላችሁ ዲቪዲውም አያሳፍርም፣ እንደውም ከሌላ ፊልም ጋር ሲወዳደር እዚህ ላይ የምታጡት ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ሪጅን (ዲስኩ የየትኛው አካባቢ ማጫወቻ ላይ እንደሚሰራ የሚወስነው ክፍፍል)፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥልበት እዚህ ጋ ነው። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን ዲቪዲ አዲስ አበባ ያለው ማጫወቻ አላነብም ብሎኝ ለሁለት አመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዲቪዲ በቁጥር ነው የሚከፋፈለው፦ አሜሪካ 1 ነው፣ እንግሊዝና አውሮፓ፣ አረብ አገሮቹና እስራኤል 2 ናቸው፣ ኢትዮጵያ 5 ነች። ብሉሬይ በፊደል ነው፦ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምስራቅና አፍሪካ በሙሉ ቢ። ስለዚህ ዱባይ ወይ ለንደን ወይ ቴል አቪቭ ዘመድ ካላችሁ ብሉሬዩን ከዛ አስመጡት፣ እዚህ ካለው ማጫወቻ ጋር አንድ ፊደል ነው። ከዲሲ ከሆነ ግን ከመከፈሉ በፊት የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አስልኩና ትንሿን የዓለም ምልክት ወይ ፊደሏን እዩ። ፕሌይስቴሽንም እንደ ማንኛውም ማጫወቻ የተገዛበትን አገር ሪጅን ነው የሚከተለው።

ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ሪጅን አይመርጡም፣ ሁሉንም ያነባሉ፣ ብሉሬይ ላይ ግን ይሄን አትጠብቁ። በኮምፒውተር የምታዩ ደግሞ ጥንቃቄ፦ የኮምፒውተሩ ዲቪዲ ድራይቭ ሪጅን መቀየር የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ አምስተኛው ላይ ይቆለፋል፣ ከዛ በኋላ ዊንዶውስ አጥፍታችሁ ብትጭኑም አይለወጥም። "ሪጅን ልቀይር?" ብሎ ሲጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ካሜራው የአውሮፓው ሲስተም ፓል ነበር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የእንግሊዙ ዲቪዲም ፓል ነው፣ የኛም አገር ፓል ነው። የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የቲቪ ሲስተም የሚለውን "አውቶ" ወይ "መልቲ" አድርጉት፣ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው ሲስተም) ላይ ተቆልፎ ከሆነ 25ቱን ወደ 60 ለመቀየር ሲታገል እያንዳንዱ እርምጃ ይንገጫገጫል።

ያገለገለ ከገዛችሁ ሆዱን ገልብጡት። ኦሪጅናል ብርማ ነው፣ ወይንጠጅ ወይም ሰማያዊ ካደላ ቤት የተቀዳ ነው። ስትጠርጉት እንደኔ በሸሚዝ አይደለም፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ነው፣ እያዞራችሁ ከሆነ ጭረቱ መስመሩን ተከትሎ ስለሚሄድ ማጫወቻው ጨርሶ ይጠፋበታል።

አሁን ቲቪው። ለኔ ከዲስኩ በላይ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አዲስ ቲቪ ከፋብሪካ ሲወጣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ነገር በርቶ ነው የሚመጣው፣ ሳምሰንግ ላይ ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። አጥፉት። ቦይል በቫይረሱ የተለከፉት ሰዎች ሲሮጡ የካሜራውን ሻተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) አፍጥኖ ነው የቀረፃቸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ላይ ክንዳቸው ሳይደበዝዝ ቁርጥ ብሎ ይታያል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ደግሞ ይዘላል፣ ያ መዝለል ነው የሚያስፈራው። ቲቪው በመሀል የሌለ ምስል ፈጥሮ ሲሞላበት የሚሮጡት ሰዎች ተራ ሯጭ ይሆናሉ። ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውንም አጥፉ፣ ሻርፕነስ ወደ ታች አውርዱ፣ ምክንያቱም ካሴቱ ራሱ ጠርዙን ያጎላዋል፣ እናንተ ስትጨምሩበት በየትከሻው ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል። ፒክቸር ሞድ ሲኒማ ወይ ፊልምሜከር።

ልክ መሆኑን ማረጋገጫ ፊልሙ ውስጥ አለላችሁ። የመጨረሻው ትእይንት፣ አረንጓዴ ሸለቆ ውስጥ ያለው ቤት፣ በዲጂታል ሳይሆን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው የተቀረፀው። ድልድዩን ካያችሁ በኋላ ዝለሉና (ፊልሙን ከዚህ በፊት ካያችሁት ብቻ) እሱን እዩ። ሳሩ ድንገት አንድ በአንድ የሚለይ ከሆነ፣ መስኮት የተወለወለ ያህል ከተሰማችሁ ቲቪያችሁ ተስተካክሏል። ሁለቱ አንድ አይነት ከመሰሏችሁ አንድ ያልጠፋ ሴቲንግ አለ ማለት ነው፣ ተመልሳችሁ ፈልጉት።

ድምፅ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ሆም ቲያትር ከሌላችሁ ማጫወቻው ላይ ድምፁን "ስቴሪዮ" አድርጉት፣ ካልሆነ ከመሀል ስፒከር የሚወጣው ንግግር ሊጠፋባችሁ ይችላል። ሌላው፣ የመጀመሪያዎቹ የለንደን ደቂቃዎች ዝም ያሉ ናቸው፣ "ድምፁ አነሰ" ብላችሁ አትጨምሩት፣ በኋላ ሲጮሁ ጎረቤት ይነሳል። የወታደሮቹ አነጋገር ከከበዳችሁ ከዲስኩ ውስጥ የእንግሊዝኛውን ሳብታይትል አብሩ፣ አያሳፍርም።

እንግሊዝ አገር ሳንሱር ቦርዱ 18 ነው የሰጠው፣ የዲስኩ ሽፋን ላይ ቀይ ክብ ውስጥ ያለችው ቁጥር እሷ ነች። ደም ብቻ አይምሰላችሁ፣ ከግማሽ በኋላ ወታደሮቹ ሴቶቹ ላይ የሚያስቡት ነገር ከተለከፉት በላይ ይከብዳል። ሳሎን ውስጥ ልጆችና እማዬ ባሉበት እራት ላይ አትክፈቱት፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ያላያችሁት እዚህ ላይ አቁሙ፣ ስለ መጨረሻው ልናገር ነው።

ሲኒማ የታየው መጨረሻ ላይ ጂም ይድናል። ሌላ የተቀረፀ መጨረሻ ደግሞ አለ፣ ባዶ ሆስፒታል ውስጥ ሊያድኑት ሲታገሉ ይሞትና ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ፊልሙ በጀመረበት ቦታ አይነት ያልቃል። አሜሪካ በ2003 ፊልሙ ገና ሲኒማ ላይ እያለ ከክሬዲቱ በኋላ ጨመሩላቸው። ዲስኩ ላይ በኤክስትራው ውስጥ ታገኙታላችሁ። የኔ ምክር ዋናውን ጨርሳችሁ በዛው ቀን አትክፈቱት፣ አንድ ሌሊት ደርቡበት፣ በማግስቱ እሱን እዩና ሁለቱን አወዳድሩ። እኔ የሆስፒታሉን እመርጣለሁ፣ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ሴሊና በሩን ገፍታ ስትወጣ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ከዛ ቤትና ሸለቆ ይበልጥብኛል። ከዛ በኋላ ሶስተኛውን ክፈቱ፣ እሱ ሳይቀረፅ በስእል ብቻ የቀረ ነው፣ አብሯቸው የነበረውንና የተለከፈውን ፍራንክን ደሙን በሙሉ በመቀየር ሊያድኑት የሚሞክሩበት፣ አንዲት የደም ጠብታ እንዲህ የምትበክል ከሆነ ደም መቀየር እንዴት ያድናል ብለው ነው የተውት። ቦይልና ጋርላንድ አብረው ያወሩበትን የድምፅ ትራክ አብርታችሁ ፊልሙን አንዴ ድገሙት።