የአሜሪካን ጠረፍ ጠበቃ ሕይወት ከፍርድ ቤት መዝገብ እንዴት እናጠናለን?

በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ጠበቃም ፖለቲከኛም ሆኖ የኖረን ሰው ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከታወቁት ንግግሮቹና ከሞተ በኋላ ከተጻፈለት ውዳሴ ነው። ይህ ያሳስታል። ሰውየው ከማን ጋር ይውል እንደነበር፣ እንጀራውን በምን ያገኝ እንደነበር የሚናገረው የካውንቲው (ከግዛት በታች ያለው የአስተዳደር ክልል) ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። እዚህ አብርሃም ሊንከንን በምሳሌነት እንወስዳለን፤ ሰነዶቹ በሚገባ ተሰብስበው ስለታተሙ አሠራሩን መከታተል ይቀላል።

መጀመሪያ የዓመታት ሰንጠረዥ ይሥሩ። አንዱ ዓምድ ለችሎት፣ አንዱ ለምክር ቤት፣ አንዱ ለቤተሰብና ለንብረት ይሁን። ሊንከን በ1832 ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በ1834 የኢሊኖይ ምክር ቤት ገብቶ አራት የሥራ ዘመን ቆየ፤ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘው በ1836 ነው። ከጆን ስቱዋርት ጋር ከ1837 እስከ 1841፣ ከስቲቨን ሎጋን ጋር እስከ 1844 በሽርክና ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ሸሪኩ ዊልያም ኸርንደን ነው። ከ1847 እስከ 1849 በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበር። የሸሪኮቹን ቀናት ሳይዙ ወደ መዝገብ ቤት አይግቡ።

ቀጥሎ የካውንቲዎቹን ወሰን ያጣሩ። ጠረፍ ላይ ሰው በበዛ ቁጥር ካውንቲ ይከፈል ነበር። ሊንከን በወጣትነቱ የኖረባት ኒው ሴለም ዛሬ የምትገኘው በሜናርድ ካውንቲ ነው፤ ሜናርድ ግን ከሳንጋሞን የተቆረጠው በ1839 ነው። ስለዚህ የ1830ዎቹን ክርክር ሜናርድ ሄዶ የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዋናው ሥራ ያለው ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ ነው። ማውጫው የተዘጋጀው በከሳሽና በተከሳሽ ስም ስለሆነ ጠበቃውን እዚያ አያገኙትም። የዳኛውን የቀጠሮ መዝገብ ያስወጡ፤ ከክርክሩ ርእስ ጎን የጠበቆቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ የመዝገቡን ቁጥርና ቀን ይዘው ወደ ፋይሉ ይሂዱ። ውስጡ መጥሪያ፣ የክስ ጽሑፍ፣ የተከሳሽ መልስ፣ አንዳንዴም ለክሱ ምክንያት የሆነው የተስፋ ሰነድ (ዕዳ ለመክፈል ቃል የተገባበት ወረቀት) ራሱ ታጥፎ ይገኛል። ውሳኔው ግን በሌላ ትልቅ መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ ፋይሉን ብቻ አይቶ መደምደም አይገባም።

አብዛኛው ጉዳይ የዕዳ ክርክር ነው፤ ብዙው ተከሳሽ ቀርቦ ስላልተከራከረ በሌለበት ተፈርዶበታል። «አሸነፈ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ይህን ይለዩ። የክስ ጽሑፉ ላይ የሚጠየቀው ካሳ ከዕዳው በልጦ የሚጻፍበት ልማድ ስለነበረ፣ የሚታመነው አኃዝ የውሳኔው ነው። የጉዳት ክስ ላይ «በኃይልና በጦር መሣሪያ» የሚል ሐረግ ሲያዩም ጠመንጃ ተተኩሷል ብለው አይጻፉ። ሐረጉ ከእንግሊዝ ሕግ የተወረሰ የክስ ቀመር ነው፤ ሰውየው በባዶ እጁ ቢሆንም ይጻፋል።

ፊርማ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዱ ሸሪክ የሽርክናውን ስም ሙሉውን በራሱ እጅ ይፈርማል፤ ስለዚህ ስቱዋርት የሚለው ስም ስቱዋርት እዚያ እንደነበረ አያረጋግጥም። ስቱዋርት ለኮንግሬስ ተመርጦ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ሊንከን በክፍያ መዝገባቸው ላይ የእርሱ «አስተዳደር» በኅዳር 2፣ 1839 (እ.ኤ.አ.) መጀመሩን ጽፏል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን ወረቀት በእጅ ጽሑፉ ይለዩት። ጆን (John) የሚለውን ስም በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል (Jno) ያሳጥሩት ስለነበር ብዙ አንባቢ ጆናታን ያደርገዋል፤ ይህንንም ይጠንቀቁ።

ሰውየው የት እንደነበረ በቀን ለማወቅ የተዘዋዋሪ ችሎቱን መርሐ ግብር ይጠቀሙ። ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ከ1848 ጀምሮ ይመሩት የነበረው ስምንተኛው የዳኝነት ክልል በጸደይና በመኸር ከካውንቲ ካውንቲ ይዞር ነበር፤ በየካውንቲው ችሎቱ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስነው የግዛቱ ሕግ ነው። ያንን ሕግ ይዘው ጉዞውን መሥራት ይቻላል። ጠበቃው በአንድ ቀን ሁለት ካውንቲ የታየ ከመሰለ አንደኛው ወረቀት አስቀድሞ የተጻፈ ወይም ሌላ ጠበቃ ስለእርሱ የፈረመው ሊሆን ይችላል።

ለፖለቲካው ክፍል የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ያንብቡ። ንግግር ብዙም አይገኝበትም፤ ማን ምን ደግፎ ድምፅ እንደሰጠ ግን በስም ተዘርዝሯል። ሊንከንና ዳን ስቶን በመጋቢት 3፣ 1837 (እ.ኤ.አ.) ስለባርነት ያስመዘገቡት ተቃውሞ የተገኘው እዚያ ነው። ጋዜጣ ሲያነቡ ጥንድ ጥንዱን ያንብቡ፤ ሊንከን ይሠራበት በነበረው የስፕሪንግፊልድ ከተማ አንዱ የዊግ ፓርቲ፣ ሌላው የዴሞክራት ፓርቲ ወገን ነበረ፣ አንዱን ስብሰባ ሁለቱም በየፊናቸው ይዘግቡታል።

የሕዝብ ቆጠራው ለንብረት ይጠቅማል። የቤተሰቡን አባላት ሁሉ በስም መመዝገብ የጀመረው በ1850 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው። በ1860 ሊንከን 5,000 ዶላር የማይንቀሳቀስና 12,000 ዶላር የሚንቀሳቀስ ንብረት ተመዝግቦለታል። ዕድሜን ግን ከቆጠራ ብቻ አይውሰዱ።

ኸርንደን ሊንከን ከተገደለ በኋላ የሰበሰበውን የጎረቤትና የዘመድ ምስክርነት ለመጨረሻ ያቆዩት። ብዙው ከድርጊቱ 30 ዓመት ያህል ዘግይቶ የተነገረ ነው። ሰንጠረዥዎ ሞልቶ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ከቀኑ ጋር ያስተያዩት፤ ከመዝገብ ጋር የተጋጨውን ጽሑፍዎ ውስጥ ሲያስገቡ ማን፣ በየትኛው ዓመት እንደተናገረው አብረው ይግለጹ።