የቪትዝ የፊት ብራቾ ቦኮላ፦ ምን ይገዛል፣ እንዴት ይቀየራል፣ ቡሎኑ መቼ ይጠብቃል

ፍሬን ስትይዙ ከፊት ጎማ አካባቢ “ቋ” የሚል ድፍን ድምፅ ይሰማል። ኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ስትነሱ ይደግማል። ኮብልስቶን ላይ ከስር ይንኳኳል፣ አስፋልት ላይ ደግሞ መኪናው ቀጥ ብሎ አልሄድ ይላል፣ በተለይ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ይህ ሁሉ ያለበት ቪትዝ ካላችሁ ሾክ አብዞርበር ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት የብራቾውን ቦኮላ እዩ። ብራቾ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው የብረት ክንድ ነው፣ ቦኮላ ደግሞ ክንዱ በሚታሰርበት ቦታ ያለው በብረት የታቀፈ ላስቲክ ነው።

የማወራው ስለ መጀመሪያው ቪትዝ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2005 ስለተመረተው። የዚያ ዘመን ያሪስ ወይም ኮሮላ ያላችሁም አሠራሩ ስለሚቀራረብ ትጠቀሙበታላችሁ። ከፋብሪካ ጋር የመጣው ቦኮላ እስካሁን ስር ካለ ዕድሜው ሃያ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ያን ያህል የቆየ ላስቲክ ባይቀደድ እንኳ ደርቋል።

ብራቾው ሦስት ጫፍ አለው። በውጭ በኩል በቦልጆይንት (እንደ ኳስ በሚዞር ማጠፊያ) ጎማውን ይይዛል፣ በውስጥ በኩል በሁለት ቦኮላ ሞተሩ ስር ካለው ብረት ጋር ይታሰራል። የፊተኛው ቦኮላ ትንሽና ጠንከር ያለ ነው፣ ዋና ሥራው ብራቾው ወደላይና ወደታች ሲወዛወዝ ማጠፊያ መሆን ነው። የኋለኛው ተለቅ ያለና ለስለስ ያለ ነው፣ ፍሬን ስትይዙ ወይም ጉድጓድ ስትገቡ ጎማው ወደኋላ የሚገፋውን ኃይል የሚቀበለው እሱ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀደደው። እሱ ሲቀደድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ትንሽ ወደኋላ ይሄዳል፣ አቅጣጫውም ይዛባል። ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል፣ አላይመንት ብታሠሩም በሳምንቱ የተመለሰ ይመስላል። የጎማ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ግን አረጋግጡ። የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዘውን ብረት ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ዘንግ) ሲያልቅም ይንኳኳል፣ ቦልጆይንት ሲያልቅም ይንኳኳል። ልዩነቱ እንዲህ ነው። የሊንክ ድምፅ ቀጠን ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ነው፣ ትንንሽ ጉብታ ላይ ሁሉ ይሰማል። የቦኮላ ድምፅ ድፍን ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣውም ኃይል ሲቀየር ማለትም ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ሰው በእግር እርምጃ ፍጥነት ትንሽ ወደፊት ሄዶ ፍሬን ይያዝ፣ ከዚያ ወደኋላ። እናንተ ራቅ ብላችሁ በጎን በኩል ቁሙና ጎማውን ተመልከቱ፣ መኪናው ፊት ወይም ኋላ በፍጹም አትቁሙ። ጎማው በመኪናው አካል ውስጥ ወደኋላና ወደፊት ሲንሸራተት ከታያችሁ ምርመራውን ጨርሳችኋል። ካልታያችሁ መኪናውን አንሱና፣ በካባሌቶ (መኪናው እንዳይወርድ በሚይዘው የብረት ማቆሚያ) ደግፉና፣ በረጅም ብረት ብራቾውን ቦኮላው አጠገብ ገፋ ገፋ አድርጉት። ትንሽ መተጣጠፉ ጤናማ ነው፣ ላስቲክ ነውና። ላስቲኩ ከብረቱ ተላቆ ከታየ ወይም ስንጥቁ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሲከፈት ካያችሁት ግን ያ ቦኮላ አልቋል። ከላይ ብቻ የሚታይ የፀጉር ስንጥቅ ግን ገና የሚያስቀይር አይደለም።

ሌላም ነገር እዩ፣ ከላይ ዘይት ይንጠባጠባል ወይ? የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት የሚንጠባጠብበት ላስቲክ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይበጣጠሳል። መጀመሪያ ዘይቱን ካላስቆማችሁ አዲሱም ዕጣው ያው ነው። ላቫጆ ላይ የመኪናውን ስር በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት የማስረጨት ልማድም አለ። ለብረቱ ዝገት ይጠቅመው ይሆናል፣ ላስቲኩን ግን ይጎዳዋል። እባካችሁ ተዉት፣ በውሃና በሳሙና በቂ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብትሄዱ የሚቀርብላችሁ ብዙ ዓይነት ነው፣ ከአንዱ ሱቅ ወደሌላው ዋጋውም ጥራቱም ሰማይና ምድር ነው። የተነቀለ፣ ማለትም ከሌላ መኪና የወጣ ብራቾ ከነቦኮላው ርካሽ ሆኖ ያጓጓል። ብረቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ብራቾውን ግዙት፣ ቦኮላውን ግን እንደ አዲስ አትቁጠሩት። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። አዲስ ሙሉ ብራቾ ከቦኮላና ከቦልጆይንት ጋር የሚሸጥም አለ፣ ሥራውን በጣም ያቀላል፣ ቦኮላ መግፊያ ፕሬስም አያስፈልጋችሁም። ችግሩ ርካሾቹ ላይ ያለው ላስቲክ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይላቀቃል። የእኔ ምርጫ የመኪናው የራሱ ብራቾ ካልታጠፈና ካልዛገ እሱኑ ይዞ ጥሩ ቦኮላ ማስገባት ነው። ከአሮጌው ጋር አስተያዩት፣ በካሊፐር የውጭውን ስፋት፣ የውስጡን ቀዳዳና ርዝመቱን ለኩ። ላስቲኩ ከብረቱ ጋር ዙሪያውን ሳይላቀቅ የተያያዘ መሆኑን እዩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ሁለቱንም ጎን፣ ማለትም አራቱንም ቦኮላ አንድ ላይ ግዙ፤ አንዱ ጎን ደርቆ ሌላው አዲስ ሲሆን መኪናው ይስባል።

ከመደበኛው ከፍ ያለ ነገር የምትፈልጉ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ከላስቲክ ይጠነክራል፣ ዘይት አይፈራም፣ መሪው ላይ ጥርት ያለ ስሜት ይሰጣል። ግን አሠራሩ ይለያል። የላስቲክ ቦኮላ ከውስጡም ከውጩም ብረት ጋር ተጣብቆ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። ፖሊዩሬቴን ግን አይጣበቅም፣ በውስጡ ብረት ዙሪያ ይሽከረከራል። ስለዚህ የራሱ ሲሊኮን ግራሶ ይፈልጋል፣ አቧራና ጭቃ ሲገባበት ይጮኻል፣ ተፈትቶ መቀባት አለበት። ጉድጓድና ኮብልስቶን ላይ ለሚውል የቤተሰብ መኪና አራቱንም ቦኮላ ፖሊ ማድረግን አልመክርም፤ ንዝረቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ይመጣል። ፖሊ ለመሞከር ጥሩው ቦታ የስታቢላይዘሩ ብረት የሚታሰርበት ጎሚኒ ነው። ርካሽ ነው፣ በሁለት ቡሎን ይፈታል፣ ኩርባ ላይ የመኪናውን ማዘንበል በትንሹ ይቀንሳል፣ ምቾቱን ብዙ አይነካም። የብረቱን ውፍረት ለክታችሁ ልኩን ብቻ ግዙ።

ቶርኖ ቤት ከናይለን ቀርጸው እንዲሠሩላችሁ የሚነግሯችሁ ሰዎች ይኖራሉ። ለኋለኛው ቦኮላ እንዳታደርጉት። ያ ቦኮላ ወደ ብዙ አቅጣጫ መተጣጠፍ አለበት፣ ናይለን ደግሞ አይተጣጠፍም። የማይለቀው ኃይል ወደ ብራቾውና ወደሚታሰርበት ብረት ይሄዳል፣ ብረቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ ጉዳቱ ከቦኮላ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ይህ ጎማውን ከመኪናው ጋር የያዘ ዕቃ ነው።

ለሥራው ክሪክ፣ ሁለት ካባሌቶ፣ ታኮ (ጎማ ስር የሚደረግ ማገጃ)፣ ከ14 እስከ 21 ያሉ ቡሶላዎች (በእጀታ የሚዞሩ መፍቻዎች)፣ ረጅም እጀታ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይና ቶርክ መፍቻ (ቡሎን በተወሰነ የኃይል ልክ የሚያጠብቅ) አዘጋጁ። ቶርክ መፍቻ ከሌላችሁ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ስፕሬዩን ቡሎኖቹ ላይ በዋዜማው ማታ ንፉ፣ ጠዋት ሲፈታ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ክሪኩን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ለኩ። መኪናው ሜዳ ላይ በአራት እግሩ ቆሞ ሳለ ከጎማው መሀል አንስቶ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የመኪናው ክንፍ) ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና በሁለቱም በኩል ጻፉት። ይህ ቁጥር መጨረሻ ላይ ወሳኝ ነው።

የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርጉ፣ እጅ ፍሬን ያዙ። የፊት ጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ እያለ አላሉ፣ ከዚያ አንሱ፣ ካባሌቶ አስገቡ፣ ጎማውን አውጡ። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ስር ማንም ሰው እጁንም እንኳ አያስገባ። ጎማውን ከሻንሲው ስር አጋድሙት፣ ተጨማሪ ዋስትና ነው።

ቦልጆይንቱ ከብራቾው ጋር በቡሎንና ዳዶ ከታሰረ እነሱን ፍቱ፣ ብራቾው ወደታች ይለቃል። በፒን የተያያዘ ከሆነ ማላቀቂያ መሣሪያ ተጠቀሙ። ሹካ መሰሉን ማላቀቂያ በመዶሻ እየመታችሁ ካስገባችሁ የቦልጆይንቱ ላስቲክ ይቀደዳል፣ ያኔ እሱንም መግዛታችሁ ነው። የስታቢላይዘር ሊንክ ከከለከላችሁ ፍቱት። ከዚያ የብራቾውን ሁለት ቡሎኖች ፍቱ። አንዳንድ አውቶማቲክ ቶዮታዎች ላይ የፊተኛው ቡሎን ሲወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወይም ሌላ ዕቃ ያግደዋል። በጉልበት አትጎትቱት፣ የሚያግደውን ዕቃ ማውረድ ወይም የሞተሩን ጎን በክሪክና በእንጨት ደግፎ ማሰሪያውን ማላላት ያስፈልግ ይሆናል። እዚህ ከደረሳችሁና ካልገባችሁ አንድ ልምድ ያለው ሜካኒክ አስጠሩ።

ብራቾው ከወጣ በኋላ አሮጌውን ከመግፋታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የኋለኛው ቦኮላ ላስቲክ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክፍተት አለው፣ ክፍተቱ ወደየት እንደሚዞር በቀለም ብራቾው ላይ ምልክት አድርጉ። ዞሮ ከገባ ጠንካራው ጎን ለስላሳው ቦታ ላይ ይሆናል፣ የመኪናው አካሄድ ይቀየርባችኋል። ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደገባም ለኩ።

መግፋቱን ፕሬስ ላለው ጋራዥ ስጡ፣ ሥራው ብዙ ጊዜ አይወስድም። ላስቲኩን በእሳት አቃጥሎ ማውጣት የተለመደ ነው፣ ግን ጭሱ መርዛማ ነው፣ ሙቀቱም የብራቾውን ብረት ይጎዳል። እምቢ ካለ የውጩን ቀለበት በሴጌቶ ከውስጥ በጥንቃቄ ቆርጦ ማላቀቅ ይሻላል፣ ምላጩ ብራቾውን ሳይነካ። ቦኮላው የሚገባበትን የብራቾ ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። አዲሱ ሲገባ የሚገፋው የውጩ ብረት ብቻ ነው። በዚያ ልክ የሆነ ቱቦ ወይም ትልቅ ቡሶላ ተጠቀሙ። መሀሉን ከገፉት ላስቲኩ ገና ሳይሠራ ከብረቱ ይላቀቃል። ሲገፋ አጠገቡ ቁሙና እዩ። ለማንሸራተት የሳሙና ውሃ ይበቃል፣ ግራሶ አታስነኩት።

አሁን ብዙ ጋራዥ የሚያልፈውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር። ብራቾውን መልሱ፣ የቦኮላዎቹን ቡሎኖች በእጅ አስገቡ፣ ግን አታጥብቁ። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ብራቾው ወደታች ወርዷል። በዚህ ሁኔታ ካጠበቃችሁት የቦኮላው የውስጥ ብረት እዚያ ቦታ ላይ ይታሰራል። መኪናው መሬት ሲነካ ብራቾው ወደላይ ይወጣል፣ ላስቲኩ ግን እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ተወጥሮ ይቀራል። ቆሞ እንኳ አያርፍም። አንድ ጉድጓድ ሲጨመርበት ከአቅሙ በላይ ይጠመዘዛል፣ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ከዚያ “ቦኮላው ኮፒ ነበር” ይባላል፣ ጥፋቱ ግን የአገጣጠሙ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦልጆይንቱን በልኩ እሰሩ። ክሪኩን በብራቾው የውጭ ጫፍ ስር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መጀመሪያ ላይ የጻፋችሁት ርቀት እስኪመጣ፣ ማለትም ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ያለው ልክ እስኪመለስ ድረስ። ብዙ ጊዜ መኪናው ከካባሌቶው ሊነሳ ሲል እዚያ ይደርሳል፣ ካባሌቶውን ግን አታንሱ። አሁን ቡሎኖቹን አጥብቁ። ጋራዥ ውስጥ ቦካ (ከመኪና ስር የሚገባበት ጉድጓድ) ካለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ መኪናውን በጎማው አቁማችሁ ከስር ታጠብቃላችሁ። የጥብቀቱ ልክ ከሞዴል ሞዴል ይለያያልና ከመኪናችሁ የሰርቪስ ማኑዋል ውሰዱ። የጎማ ዳዶው ግን 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። መኪናችሁን ጋራዥ ሰጥታችሁ ከሆነም ሜካኒኩን “ቡሎኑን የምታጠብቀው መኪናው ወርዶ ነው አይደል?” ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይከፋም።

ሁለተኛውን ጎን በተመሳሳይ ጨርሱና አላይመንት አሠሩ፣ በዚያው ቀን ቢሆን ይመረጣል። ከአላይመንቱ በፊት የጎማውን ነፋስ አስተካክሉ። በመጀመሪያው ጉዞ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ሰው በሌለበት ቦታ ፍሬን ሞክሩ፣ ድምፁም መሳቡም መጥፋት አለበት። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹንና የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ እንደገና እዩ። ድምፁ አሁንም ካለ ሊንኩንና የሾኩን የላይ ማሰሪያ ተመልከቱ፤ ከኋላ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የኋላ አክስሉ ሁለት ትልልቅ ቦኮላዎች አሉት። እነሱን ለመቀየር አክስሉ ዝቅ ማለት አለበት፣ የፍሬን ቱቦና የእጅ ፍሬን ገመድም አብረው ስላሉ ሊፍት ያለው ጋራዥ ውስጥ ይሠራ።