ትልቅ ፕራይም ቁጥር በእስክሪብቶ ሲፈተን

ማታ ማታ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የእህቴን ልጅ ሒሳብ አስጠናለሁ። ባለፈው መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን «ጋሼ፣ ሒሳብ አዋቂዎቹ ትልልቁን ቁጥር ሁሉ እያካፈሉ ነው እንዴ ፕራይም ነው የሚሉት?» አለችኝ። ኧረ በምን ዕድሜያቸው! ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው ትልቁ ፕራይም 41,024,320 አሃዝ አለው። የሚጻፈው 136,279,841 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር የሉካስ-ሌመር ፈተና አለ። በ127 ሞክሩት፤ ሰባት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው።

ከ4 ተነሱ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ ለ127 አካፍሉና ቀሪውን ብቻ ያዙ። በቀሪው ላይም እንዲሁ። የዙሩ ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት፣ ከ7 ላይ፣ 2 ተቀንሶ 5 ነው። መጨረሻው 0 ከሆነ ፕራይም ነው።

መጀመሪያ 14 ይመጣል። 14 በ14 196፣ 2 ሲቀነስ 194፣ ለ127 ሲካፈል ቀሪው 67። ቀጥሎ 42፣ ከዚያ 111። እኔ እዚህ ጋ 2 መቀነሱን ረስቼ ልጅቷ ሳቀችብኝ። 111 በ111 12,321 ነው፤ 2 ሲቀነስ 12,319። እሱ ደግሞ ልክ 97 ጊዜ 127 ነው። ቀሪ 0! ሻማው ሳያልቅ ጨረስን።

ፈተናው ለሌላ ዓይነት ቁጥር አይሠራም። የሁለቶቹ ብዛትም ራሱ ከ2 የሚበልጥ ፕራይም መሆን አለበት። ያም ሆኖ ዋስትና የለም፦ በ11 ሁለቶች የሚመጣው 2,047 ከ9 ዙር በኋላ 0 አይሰጥም፤ 23 በ89 ነዋ።